የኋላ መርገጫ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት በያማሃ ዲቲ 125 የሚመላለስ ሰው ስለ አየር ሳይማር ያውቃል። የባህል ልብስ ሱቆቹ እስኪያልቁ ድረስ ሞተሯ በሦስተኛ ማርሽ ደስ እያላት ትሄዳለች። መጠምዘዣዎቹ ሲጀምሩ ወደ ሁለተኛ መውረድ ነው። ባሕር ዛፉ መንገዱን ግራና ቀኝ ሲይዘው ሁለተኛውም መለማመጥ ይፈልጋል። ማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቅብ የሚሮጠው አትሌት ላብ በላብ ሆኖ ይቀድመኛል። አንዱ እንዲያውም ዞር ብሎ "አይዞህ" ብሎኝ ያውቃል።

ለዓመታት ጥፋቱን በእሷ ሳሳብብ ኖሬአለሁ። ካንዴላ አስቀይሬአለሁ፣ ካርቡራቶር አስጠርጌአለሁ፣ ፍሪሲዮን አሳድሻለሁ። በመጨረሻ አዲሱ ገበያ ያለው መካኒኬ ኪያቤውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ጋሼ፣ እሷ ምንም አልሆነችም። ተራራው ነው" አለኝ።

ልክ ነበር። ሞተር በቤንዚን ብቻ አይኖርም። ቤንዚኑ የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚነደውም ያንሳል። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አየር ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ፋብሪካው 125 ሲሲ ብሎ የጻፈባት ሞተር እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ስትደርስ የምትተነፍሰው የ93 ሲሲ ያህል ብቻ ነው። የጉለሌ ሞተረኛ የገዛውን ሞተር ሙሉውን ነድቶት አያውቅም።

ስለዚህ ትልቅ ሞተር መመኘት ስጀምር ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ንጹሕ ነበር። ከሰው የተለየ ነገር አልፈለግሁም፤ ተራራው የወሰደብኝን ሩብ ብቻ መልሱልኝ ነው ያልኩት። ምኞት አብዛኛውን ጊዜ ሲመጣ የካሳ ማመልከቻ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሻጩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የሚኖር፣ ከውጭ መጥቶ ተመልሶ ሊሄድ የተሰናዳ ሰው ነው። ሆንዳ አፍሪካ ትዊኑን ከግቢው ጥግ ሸራ አልብሶ አቁሞታል። ሸራውን ሲገፍፈው ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "እሱ ነው?" የሚል ነበር። ዲቲን ዕድሜ ልኬን "እሷ" ስላት ኖሬአለሁ። አማርኛችን ትንሽንና የሚወደድን ነገር በሴት ጾታ ያቆላምጣል፤ ሲገዝፍና ሲያስፈራ ወንድ ያደርገዋል። አንዲቱ ጠረጴዛ ትንሽ ስትሆን "እሷ"፣ ትልቅ ስትሆን "እሱ" ናት። እኔም ገና መሪውን ሳልይዝ በሰዋስው ተሸንፌ ነበር።

998 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ነዳጁ ሲሞላ 230 ኪሎ ግድም። ዲቲ ከመቶ ኪሎ ብዙም አትዘል። ግራና ቀኙ የአሉሚኒየም ሳጥን፣ ከፊቱ ንፋስ የሚመልስ መስታወት፣ ከሆዱ ሥር ድንጋይ የሚመክት ብረት። ዞሬ ዞሬ ስመለከተው አንድ ነገር ብቻ ጎደለብኝ። ወንበሩ ለሁለት ሰው ሰፊ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግሩን የሚያሳርፍባቸው ሁለት መርገጫዎች ግን የሉም። ሳጥኖቹ ሲገጠሙ ስላስቸገሩ ሻጩ አስወልቋቸዋል። ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት።

ስሙን ልብ እንበለው። ትዊን ማለት መንትያ ነው፤ መንትያ ያሰኘው ሁለቱ ሲሊንደር ነው፤ አፍሪካን ያመጣው ደግሞ ከፓሪስ ተነሥቶ፣ ሰሃራን አቋርጦ፣ ዳካር ይገባ የነበረው ውድድር ነው። ሆንዳ ውድድሩን እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1989 በተከታታይ አሸነፈ፤ በመካከሉ፣ በ1988፣ ለተራው ገዢ የሚሆነውን አፍሪካ ትዊን አወጣ። ያማሃ ቀደም ብሎ በ1983 በኒጀር በኩል ያለውን የሰሃራ ክፍል ስም ወስዶ የራሱን ሞተር "ቴኔሬ" ብሎታል። ውድድሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በጸጥታ ስጋት ተሰርዞ ከዚያ ወዲህ አህጉሩን ለቆ ሄዷል፤ ስሙ ግን ዛሬም ዳካር ነው። አፍሪካ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ የምትጻፈው ለሚያቋርጣት ሰው ነው። ለሚኖርባት ሰው የመጣለት ሞተር ሕንድ የተሠራ ቦክሰር ነው፤ እሱም አፍሪካን አያቋርጣትም፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባባታል።

ሐተታ የመጣው ከግእዙ ሐተተ ነው፤ መረመረ ማለት ነው። ምኞቴን ልመርምረው ብዬ ስቀመጥ ትዝ ያለኝ ሞተር አልነበረም፤ በቅሎ ነው።

አባቶቻችን የሚያደርሰውንና ስም የሚያስገኘውን በሚገባ ይለዩ ነበር። መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነው፤ ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ነው። መኳንንቱ ሩቁን አገር በበቅሎ ሲያቋርጥ ፈረሱ ባዶ ጀርባውን፣ ሳይደክም፣ ከጎን ይሳባል። ስም የሚገኘው ግን ከፈረሱ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተባሉ። ገደሉን የወረደችው፣ ዳገቱን የወጣችው፣ ጌታዋን ሳትጥል ያደረሰችው በቅሎ ለማንም ስም አላወረሰችም። በቅሎን "አባትሽ ማን ነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች የሚባለው እሷ አፍራ ብቻ አይመስለኝም፤ እኛ እንድታፍር አድርገናት ነው።

ያ ሸራ ለባሹ ሞተር በሥራው በቅሎ ነው። ጭነት ይችላል፣ ድንጋይ አይፈራም፣ ቀኑን ሙሉ ቢጋልቡት ወገብ አይቆርጥም። የሚሸጠው ግን በፈረስነቱ ነው። እኔስ የፈለግሁት የትኛውን ነው? ሱሉልታን በወር አንዴ የማያይ ሰው ሰሃራን የሚያቋርጥ ሞተር ምን ያደርግለታል? ለመሄድ ነው ወይስ ሊሄድ እንደሚችል ሆኖ ለመታየት? የሰፈሬ ልጆች ስሜን አያውቁትም። ገና ድምፄን ሲሰሙ "ዲቲ! ዲቲ!" ነው የሚሉኝ። ሳስበው የፈረስ ስም አልጠፋም፤ ወደ በቅሎ ወርዶ ሽሮ ሜዳ እየኖረ ነው። ስም ካማረኝ ስም ነበረኝ ማለት ነው። ታዲያ የቀረኝ መንገዱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እኔም እንዲያደርሰኝ ብቻ ነው የምፈልገው አልኩ።

ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ለሙከራ ፈቀደልኝ። ሐምሌ ነበር፣ እሑድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ። የእንጦጦን ዳገት እንደ ሜዳ ወጣሁት። ተራራው ከእሱም ሩቡን ወስዶበታል፤ ከ998ቱ 740 ያህል ቀርቶታል። ከባለጠጋ ሩብ ቢወስዱበት አይሰማውም። መጠምዘዣዎቹን ያለፍኩት ማርሽ ሳልቀንስ ነው። ያ አትሌት በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ ባለመኖሩ አዘንኩ።

ከላይ አስፋልቱን ትቼ፣ በዛፎቹ መካከል ወደሚገባው የጭቃ መንገድ ጥቂት ገባሁና ለመመለስ አቆምኩ። ዞር ላደርገው ስል ቀኝ እግሬ ቀዩን ጭቃ ረገጠና ተንሸራተተ። ትንሽ ሞተር ሲወድቅ ድምፅ አለው፤ ትልቅ ሞተር ግን እንደ በሬ ቀስ ብሎ ይተኛል። እንዲተኛ የምትፈቅድለትም አንተ ነህ፤ ምክንያቱም ከተወሰነ ማዘንበል በኋላ የሚይዘው ጉልበት የለህም። የፍሬኑ እጀታ ታጠፈ፤ አንደኛው ሳጥን ጭቃ ውስጥ ገባ። ዲቲ ብትሆን በአንድ እጄ አንሥቼ፣ በሌላው ሱሪዬን አራግፌ እሄዳለሁ። እሱን ግን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስቴም ተመልሶ ተኛ። በሦስተኛው ላይ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

ያኔ ከጫካው ውስጥ አራት ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው መጡ። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚዎች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ጭነት በመጫኛ ታስሮ ጀርባቸው ላይ ተጋድሞ። አንገታቸውን ብቻ ቀና አድርገው አዩኝ። እኔም እያየኋቸው "ያልፋሉ" ብዬ ነበር። አላለፉም። ሸክማቸውን አወረዱ።

ሸክም ማውረድ ቀላል የሚመስለው ላልተሸከመ ነው። አንዴ የወረደ ሸክም ተመልሶ ጀርባ ላይ የሚወጣው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ለዚህ ነው ተሸካሚ ሲደክመው ሸክሙን ሳያወርድ ከፍ ያለ ዳር ላይ ደገፍ የሚያደርገው። እነሱ ግን አራቱም አወረዱት። ሁለቱ ከኋላ፣ አንደኛዋ ከሳጥኑ ሥር፣ እኔና አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከመሪው ያዝን። "በሉ እንግዲህ!" አሉ እሳቸው። ተነሣ።

ላቤን እየጠረግሁ ሳመሰግን እኒያ እናት ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ በዓይናቸው ለኩት።

"ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱበት፣ ልጄ?"

"ብቻዬን ነው፣ እማማ።"

"ይኼን ሁሉ? ብቻህን ለመሄድ?"

ስድብ አልነበረም። ቀልድም አልነበረም። ዋጋውን የምትጠይቅ ገበያተኛ ፊት ነበር። መልስ አጥቼ ሸክማቸውን ለማንሣት ተጠጋሁ። አንዷ ለሌላዋ እያነሣች ተጫጫኑ። የመጨረሻዋን ሴት ማን ያነሣታል? በዚያ መንገድ ለዓመታት ስመላለስ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። መጫኛው እጄ ላይ ያተመው መስመር እስከ ማታ አልጠፋም።

ትልቅ ሞተር የፈለግሁት ማንንም ላለመፈለግ ነበር። ካየኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚነበበው ይኸው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር፣ ባዶ አድማስ። የኋላው ወንበር ላይ ሁልጊዜ ሻንጣ እንጂ ሰው የለም። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ብቻዬን ማንሣት የምችለው ትንሿን ነው፤ ትልቁ ሲወድቅ አራት ሴቶች ያስፈልጉታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሎሚውን ለብቻችን የምንገዛው ግን አውቀን ነው። እኛ ትልቅ ነገርን ድሮም የምናውቀው በደቦ ነው። ትልቅ ማለት አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ማለት ነበር፤ ቤት ሲሠራም፣ አዝመራ ሲሰበሰብም፣ ሬሳ ሲሸኝም። ሞተርን ማሳደግ ማለት ጉልበትን ማሳደግ መስሎኝ ነበር። ያሳደግሁት የሚያስፈልጉኝን ሰዎች ቁጥር ነው።

ይህ የወደቀ ሰው ማጽናኛ ይመስላል። ቆሞ ስለሚሄድስ? የመንገድ ርዝመት የሚለካው በምንድን ነው?

ከጉለሌ ወደ ሰሜን የሚወጣው የጎጃም መንገድ ነው፤ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ። በ2009 ዓ.ም በዲቲ ሄጄበታለሁ። ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ እየወፈረ ይመጣል፤ ዲቲ እንጦጦ ላይ የተቀማችውን ትንፋሽ ገደሉ ውስጥ አብዛኛውን አገኘችው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ የተከፈተው የኅዳሴ ድልድይ ላይ እንደ ግልገል ነበር የምትዘለው። ከደጀን ወዲያ ግን ካቴናዋ ተበጠሰ። መሸ። እየገፋሁ አንድ ገበሬ ቤት ደረስኩና አባቶቼ ሲሉት የሰማሁትን፣ እኔ ብዬው የማላውቀውን፣ "የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" የሚለውን ቃል አልኩት። ከውስጥ የመጣው መልስም ያው የጥንቱ ነው፤ "ቤት የእግዚአብሔር ነው።" እግሬን አጠቡኝ። ዲቲን ከላሞቹ ጋር አሰሯት። ጠዋት የቤቱ ልጅ ካቴናውን በምስማር ቀጥቅጦ አያያዘልኝ።

ያ መንገድ በ2009 ርዝመቱ ስንት ነበር? ካርታው የሚለው ኪሎ ሜትር ነው። እኔ የማውቀው ግን በር የከፈተልኝን ሰው ያህል መርዘሙን ነው። አባቶቻችን በሰዓት ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር በምትሄድ በቅሎ አገር ለአገር የዞሩት በየማምሻው "ቤት የእግዚአብሔር ነው" የሚል ሰው ስለነበረ ነው። በዓለም የታወቁትን የሞተር ጉዞ መጻሕፍትስ ማን ጻፋቸው? ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሚኒያፖሊስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የሄደው በ305 ሲሲ ሆንዳ ነው፤ ከኋላው የ11 ዓመት ልጁን አፈናጥጦ። ቴድ ሳይመን በ1966 ዓ.ም መስከረም ከለንደን ተነሥቶ፣ በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገብቶ፣ አራት ዓመት ዓለምን የዞረው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ነው። በ998 የሚቀናኝን ሁሉ ያዩት እነሱ በግማሹና በሲሶው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መንገድ እንዴት እንደሚያጥር አይቻለሁ። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ከተማችን በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብላ ያለ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከርን ስትከለክል ዲቲ ከግቢ ሳትወጣ ከረመች። ቤንዚኗ ሙሉ፣ ካንዴላዋ አዲስ፣ ከበሩ ውጪ ያለው አስፋልት እንደነበረ ነው። የጎደለው ነገር ሞተር ላይ የተቀመጠን ሰው አለመፍራት ብቻ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ያ የጎጃም መንገድ አጥሯል። ደጀንን ከቦታዋ የነቀላት የለም፤ ዓባይም አልሰፋም። ያን በር የከፈተልኝ ቤተሰብ እንዴት እንደከረመ አላውቅም፤ አሁን በምሽት ሞተር ይዤ ደጃቸው ብቆም ድምፄ እንግዳ ይመስላቸው እንደሆነም እንጃ። 998 ሲሲ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም። ወደ ጎጃም የሚያደርስ ሞተር ነበረኝ፤ የታጣው የሚያሳድር ምሽት ነው።

እንግዲህ ሐተታው እዚህ ላይ "አትግዛው" ብሎ መዝጋት ነበረበት። ሆኖም ምርመራ ምኞትን ያስረዳል እንጂ አይገድልም። ከዚያ እሑድ ወዲህ ዲቲን ይዤ እንጦጦ ስወጣ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ፣ ያ ያለ ልመና የወጣሁት ዳገት ትዝ ይለኛል። ደስ ይል ነበር። ይህን መካድ ውሸት ነው። የሚለወጠው ደስ ባለው ነገር ላይ የምናስቀምጠው ሌላ ነገር ነው።

አማርኛ "ማፈናጠጥ" የሚል ቃል አለው። አባቶቻችን በበቅሎ ኮርቻ ጀርባ ልጅን፣ ሙሽራን፣ የደከመ መንገደኛን ያፈናጥጡ ነበር፤ ቃሉ በቅሎዋ ስትቀር ወደ ብስክሌትና ወደ ሞተር ተሻገረ። የእኛ ቋንቋ የኋላውን ቦታ የሚያውቀው በሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ስመለስ አንድ እጁን የዘረጋ ሽማግሌ አፈናጥጬ ነበር። ዲቲ ዳገቱ ላይ አለቀሰች፤ አንደኛ ማርሽ ድረስ ወረድን። አባባ ከኋላዬ ሆነው ስለ ልጃቸው ሠርግ አጫወቱኝ። መንገዱ ሲያልቅ አልታወቀኝም።

ትናንት ማታ ሻጩ ደወለ። የፍሬኑን እጀታ አሳድሼ መልሼለታለሁ፤ ቂም የለውም። ዋጋውም ዝቅ ብሏል። "እሺ፣ ምን ወሰንክ?" አለኝ።

"የኋላ መርገጫዎቹ አሉ ወይ?" አልኩት።

"የትኞቹ?"

"ያስወለቅካቸው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባቸው።"

ዝም አለ። ዕቃ ቤት ገብቶ በብረት መካከል ሲያተራምስ በስልኩ ይሰማኛል።

"አንዱን አገኘሁት" አለ በመጨረሻ። "ሁለቱም ያስፈልጉሃል?"